ጉም የበላው ፎቶ
የአካባቢ ጥበቃና የእግር ጉዞ ክበብ የዓመቱ ዘገባ

በዚህ ገጽ ላይ ያለው ፎቶ የተበላሸ እንዳይመስላችሁ። የማተሚያ ቤቱም ጥፋት አይደለም። ሃያ ስድስት ልጆች ጥርሳቸው እስኪታይ እየሳቁ የቆሙት እንጦጦ አናት ላይ ነው። ከኋላቸው አዲስ አበባ አለች። ጉሙ ዋጥ አድርጓት ነው እንጂ አለች። የመጽሔቱ አዘጋጆች «ሌላ ፎቶ የለም ወይ?» ብለው ጠይቀውኝ ነበር። አለ። በሌላው ላይ ልጆቹም የሉም።

ዘገባ ነውና ከመጀመሪያው ልነሳ። ጥቅምት ላይ ክበቡን ስንከፍት 41 ተማሪ ተመዘገበ። ደስ አለኝ። በኋላ ሲጣራ አብዛኞቹ የእግር ኳሱ ክበብ ሞልቶባቸው የመጡ ናቸው። የገና በዓል ሳይደርስ ግማሹ ጠፋ። ከዚያ አንድ ሁለት እያሉ አዳዲሶች መጡና 26 ላይ ረጋን። ዓርብ ዓርብ 9 ሰዓት ላይ እየተሰበሰብን ከመጸዳጃ ቤቱ ጀርባ ያለችውን ባዶ ቦታ ቆፈርን። 60 የወይራና የጽድ ችግኝ ተከልን። ችግኝ የሚተከለው በክረምት መሆኑ አይጠፋኝም፤ ግን በክረምት ትምህርት ቤቱ ዝግ ነው። ስለዚህ በጋውን ሙሉ በጀሪካን ውሃ ስናመላልስ ከረምን። 23ቱ ጸድቀዋል። ከቀሩት የተወሰኑትን ማን እንደበላቸው እናውቃለን። ቀንድ አለው፣ የጎረቤት ነው፣ እዚህ ላይ ባቆም ይሻላል። የካቲት ላይ ጉለሌ እጽዋት ማዕከልን ጎብኝተናል።

እንግዲህ ወደ እንጦጦ። ከ9ኛ ክፍል መስኮት ተራራው ቁልጭ ብሎ ይታያል። አንድ ቀን «ስንቶቻችሁ ወጥታችሁ ታውቃላችሁ?» አልኩ። ሰባት እጅ ወጣ። ከሰባቱ አራቱ በሕፃንነታቸው ከእናታቸው ጋር ጸበል የሄዱ ናቸው። የተቀሩት ተወልደው ያደጉት ከተራራው ሥር ነው፣ አንድ ቀን ግን አልረገጡትም። በዚያው ቀን ቀጠሮ ያዝን፤ ከሰኔ ሚካኤል በኋላ ባለው ቅዳሜ፣ ፈተና ሲያልቅ።

አውቶቡስ እሰጣለሁ ያለን አንድ ድርጅት ነበር። ስሙን አልጽፍም። ከጠዋቱ 1 ሰዓት ጀምሮ በር ላይ ቆመን ብንደውል ብንደውል ስልክ የሚያነሳ ጠፋ። 2 ሰዓት ሲሆን ሊሸኙ የመጡ ወላጆች አዋጥተው ሁለት ሚኒባስ ተያዘልን። ተጠጋግተን ሽሮ ሜዳ ደረስን። ከዚያ ወዲያ በእግር።

ሽሮ ሜዳ ስንወርድ ፀሐይ ነበር። የሀበሻ ልብስ ሱቆቹ ገና እየተከፈቱ ነው። ሹራብ ሁሉ ወልቆ ወገብ ላይ ታሰረ። ዳገቱን ብዙም ሳንገፋ ጉሙ ከላይ ወረደብን፤ ሹራብ ተለበሰ። ትንሽ ቆይቶ ፀሐይ ወጣች፤ ወለቀ። እንደገና ጉም። አንዷ የ8ኛ ክፍል ልጅ እጅጌዋን ለአምስተኛ ጊዜ እየሳበች «ቲቸር፣ እዚህም እንደኛ ሰፈር መብራት በፈረቃ ነው እንዴ?» አለች።

የፊዚክስ መምህራችን ለዚህ ተዘጋጅተው ነው የመጡት። ከላብራቶሪ ቴርሞሜትር ይዘዋል። አራት ኪሎ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ የእንጦጦ አናት 3,200 ገደማ። እርጥብ አየር ተዳፋቱን ይዞ ሲወጣ እየቀዘቀዘ ይሄዳል፣ የያዘውን እንፋሎት መሸከም ያቅተዋል፣ እንፋሎቱ ጥቃቅን ጠብታ ይሆናል። ጉም ማለት መሬት ላይ የተቀመጠ ደመና ነው። ሽሮ ሜዳ 17 ዲግሪ ያሳየው ቴርሞሜትር አናቱ ላይ 12 አለ። በክፍል ውስጥ ይህንኑ ሦስት ጊዜ ያስተማሩት ይመስለኛል። ደመናው ውስጥ ቆሞ ሲሰማ ግን የተኛ ልጅ አልነበረም።

ባሕር ዛፎቹ መካከል ስንገባ ዝናብ ሳይኖር ይዘንብብን ጀመር። ቅጠሉ ጉሙን ይይዝና ጠብ ጠብ ያደርገዋል። ከዛፉ ሥር መሬቱ ረጥቧል፤ ሁለት እርምጃ ወጣ ካላችሁ አቧራው ገና ደረቅ ነው። ሽታውን ጉንፋን ይዞት በባሕር ዛፍ የታጠነ ሁሉ ያውቀዋል።

እዚያው ላይ ከጉሙ ውስጥ ድምፅ መጣ። ቅጠል መሬት ሲጠርግ የሚሰማ ድምፅ። ቀጥሎ እግር ታየ። ከዚያ መንገዱን ከዳር እስከ ዳር የሞላ የጭራሮና የቅጠል ሸክም፣ ከሥሩ ደግሞ ጎንበስ ያሉ እናት። ሸክማቸውን ድንጋይ ላይ አስደግፈው ትንሽ አረፉ። ከልጆቻችን ሁሉ ጮሌውና አፈኛው «እማማ፣ እስቲ ልሞክረው» አለ። ገመዱን ደረቱ ላይ አድርጎ ሊነሳ ታገለ። አልተነሳም። ሁለት ጓደኞቹ ደገፉት፣ ግማሽ መንገድ ተነስቶ ተመልሶ ቁጭ አለ። እሳቸው ሳቁ። «ተወው ልጄ፣ አንተ ደብተርህን ተሸከም» ብለው ብድግ አሉና ቁልቁል ሄዱ። ልጁ የቀረውን ዳገት ዝም ብሎ ወጣ። ይህን የምጽፈው የሚያስተምሩት መምህራን በሙሉ «ምነው እኔም በነበርኩና ባየሁ» ስለሚሉ ነው።

እንጦጦ ማርያም ስንደርስ ዳግማዊ ምኒልክ እዚህ በ1882 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ተብለው መንገሣቸውን ነገርኳቸው። ያኔ ተራራው ለማገዶና ለቤት ሥራ እየተቆረጠ ተራቁቶ ነበር። ከአውስትራሊያ የመጣው ባሕር ዛፍ ነው ያለበሰው። ስለ ንግሡ ማንም ምንም አልጠየቀም። ሁሉም የጠየቀው ከዚያ በላይ ስላለው የእንጦጦ ኦብዘርቫቶሪ ነው። ባለ አንድ ሜትር መስታወት ሁለት ቴሌስኮፕ እንዳለው ስነግራቸው «ታዲያ በዚህ ጉም ምን ያያሉ?» አሉኝ። ክረምት ለእነሱም የእረፍት ጊዜ ሳይሆን አይቀርም።

ፍርፍሩ ከየምሳ ዕቃው ወጣ፣ ቆሎ ዞረ። እየበላን ሳለ ጉሙ መሐሉ ተቀደደ። መጀመሪያ የታየው የንግድ ባንክ ፎቅ ነው፣ ከወገቡ በላይ ብቻ። ከዚያ ከተማዋ ቀስ እያለች ከሥሩ ወጣች። ሃያ ስድስቱም ምሳቸውን ጥለው ቆሙ። ትምህርት ቤታችንን ፍለጋ! «ያ ሰማያዊ ቆርቆሮ!» «እሱ የኛ አይደለም፣ የኛ ከዛፉ በስተግራ ነው!» «የቱ ዛፍ?» ክርክሩ ሳይቋጭ ጉሙ ተመለሰና ሁለቱንም ቆርቆሮ ወሰደ። እስካሁን በሁለት ቡድን እንደተከፈሉ ናቸው። ፎቶውን ያነሳነው ከዚያ በኋላ መሆኑ የኔ ጥፋት ነው።

ከጉዞው የተረፉ ሁለት ሹራብ፣ አንድ ምሳ ዕቃ ከነክዳኑና የግራ እግር ጓንት የመሰለ ካልሲ መምህራን ማረፊያ ውስጥ አሉ። ሰኔ 30 ካርድ ልትወስዱ ስትመጡ ውሰዱልኝ። ካልሲው ታጥቧል።