ኮምፒውተሩ ይዞት የመጣውን ጥበቃ የምናጠፋው እኛው ነን

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም የጽሕፈት፣ የፎቶ ኮፒና የኮምፒውተር ጥገና ሥራ እሠራለሁ። «ቫይረስ በላው» ተብሎ ላፕቶፕ በመጣ ቁጥር ባለቤቱ የሚጠይቀኝ ጥሩ አንቲቫይረስ እንድጭንለት ነው። ዊንዶውስ 10ም ሆነ 11 ግን ዲፌንደር የተባለውን አንቲቫይረስና ያልተፈቀደ የኔትወርክ ግንኙነትን የሚያግደውን ፋየርዎል ያለ ተጨማሪ ክፍያ ይዞ የሚመጣ በመሆኑ፣ እኔ የምጠይቀው ያንን ማን እንዳጠፋው ነው።

በቅርቡ አንዲት መምህርት የፈተና ወረቀት የያዘ ፍላሻቸው ውስጥ ያሉት ፎልደሮች ሁሉ ሾርትከት (ወደ ሌላ ፋይል የሚያመላክት ምልክት ብቻ) ሆነውባቸው መጡ። ሰነዱ አልጠፋም ነበር፤ ቫይረሱ እውነተኞቹን ፎልደሮች ደብቆ በስማቸው ሾርትከት ስለሚተካ፣ የተደበቀውን እንዲያሳይ አድርጌ መለስኩላቸው። (ይህን ሳያዩ ፍላሹን ፎርማት የሚያደርጉ ስንቶች ናቸው!) ያስገረመኝ ላፕቶፑ ነው። የጥበቃው ገጽ ሁሉም ደህና መሆኑን በአረንጓዴ ምልክት ያሳያል፤ ነገር ግን ኤክስክሉዥን የሚባለውን፣ ማለትም ዲፌንደር እንዳይፈትሻቸው የታዘዙትን ቦታዎች ዝርዝር ስከፍት ዊንዶውስ ራሱ የተጫነበት ድራይቭ ሲ በሙሉ ተመዝግቦ አገኘሁት። ዓይኑን በጨርቅ የታሰረ ዘበኛ በር ላይ እንደማቆም ነው።

ይህ የሚደረግበት ምክንያት ለሙያ ባልደረቦቼ የተሰወረ አይደለም። ፈቃድ የሌለውን ዊንዶውስና ኦፊስ የሚያነቃው አክቲቬተር በዲፌንደር ስለሚሰረዝ፣ ጫኚው አስቀድሞ ጥበቃውን ያጠፋል ወይም ድራይቩን ያስገልላል። ታምፐር ፕሮቴክሽን የተባለው መቆለፊያ ሌላ ፕሮግራም በስውር ዲፌንደርን እንዳያጠፋው ስለሚከለክል፣ ማጥፋቱ በሰው እጅ እንዲከናወን ግድ ይላል፤ ያ እጅ ደግሞ የእኛ ነው። እኔም ለዓመታት አድርጌዋለሁ። የፈቃዱ ዋጋ ለደንበኞቻችን እንደሚከብድ አልክድም፤ ነገር ግን ምን እንዳጠፋንባቸው አለመንገራችን ሌላ ጉዳይ ነው።

ፕሮግራም ሊጫን ሲል ስክሪኑ ደብዘዝ ብሎ ፈቃድ የሚጠይቀውም እንዲሁ ተንቋል። የሚደበዝዘው ሌላ ፕሮግራም በእኛ ፈንታ «አዎ»ን እንዳይጫን ጥያቄው ለብቻው በተከለለ ገጽ ላይ ስለሚቀርብ ሲሆን፣ እኛ ግን ሳናነብ እንጫነዋለን።

አፕዴትን በተመለከተ፣ ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቀው ዋናክራይ የተባለ ቫይረስ በግንቦት 2009 ዓ.ም. በብዙ አገሮች ኮምፒውተሮችን ሲቆልፍ ማይክሮሶፍት መድኃኒት የሚሆነውን አፕዴት ያወጣው ከሁለት ወር በፊት፣ በመጋቢት ነበር። የሞባይል ዳታ ውድ መሆኑን አውቃለሁ፤ ሆኖም ዊንዶውስ 11 አፕዴትን እስከ 5 ሳምንት ማዘግየት ስለሚፈቅድ አገልግሎቱን ጨርሶ መዝጋት አያስፈልግም። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ደግሞ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል።

ስለዚህ ላፕቶፕ ያስጠገነ ሁሉ ከሱቅ ሳይወጣ የኤክስክሉዥን ዝርዝሩን አስከፍቶ ይመልከት፤ ባለሙያውም ያጠፋው ነገር ካለ በደረሰኙ ጀርባ ይጻፍ። እኔ ከመምህርቷ ላፕቶፕ ወዲህ እንዲህ ማድረግ ጀምሬያለሁ፤ አንዳንድ ደንበኛ አንብቦ «እንግዲያው መልሰህ አብራው» ይለኛል።

ከአክብሮት ጋር፣
የኮምፒውተር ጥገና ባለሙያ፣ ከኮዬ ፈጬ