ጋላክሲ ኤ05ን ከመግዛታችሁ በፊት፦ ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

የተከበራችሁ ደንበኞቻችን፣ እንደምን ከረማችሁ?

ሰሞኑን ሱቃችን የሚመጣው ሰው ጥያቄ አንድ ሆኗል። «ሳምሰንግ ኤ05 ይበቃኛል ወይስ ትንሽ ጨምሬ ሌላ ልውሰድ?» ከሐይቅም ከኮምቦልቻም የሚደወልልን ስለዚሁ ነው። በስልክ ቁርጥራጭ መልስ ከምንሰጣችሁ ረጋ ብለን ብንጽፍላችሁ ይሻላል ብለን ነው።

መልሳችንን ከመጀመሪያው እንንገራችሁ። ለሚደውል፣ ቴሌግራም ለሚጠቀም፣ በቴሌብር ለሚከፍልና ለሚቀበል ሰው ኤ05 የገንዘቡን ያህል ያገለግላል። ከቻላችሁ ግን ሚሞሪው 64 ሳይሆን 128 ጊጋ የሆነውን ውሰዱ።

64 ጊጋ ሲባል ብዙ ይመስላል። ስልኩ ከካርቶኑ ሲወጣ ግን ሲስተሙና አብረውት የሚመጡት አፖች ከዚያ ላይ ጥሩ ድርሻ ወስደዋል። ቀጥሎ ቴሌግራም ይገባል። የቴሌግራምን ነገር ታውቁታላችሁ። ያያችሁት ቪዲዮ፣ የሰማችሁት መንዙማ፣ ከክፍል ግሩፕ ያወረዳችሁት ፒዲኤፍ ሁሉ ስልኩ ውስጥ ይቀመጣል። ሳታስቡት ሚሞሪው ጢም ይላል። ያኔ ስልኩ ይንቀራፈፋል፣ ፎቶ አላነሳም፣ አፕ አላድስም ይላል። «ስልኬ ተበላሸ» ተብሎ ለጥገና ከሚመጣልን ብዙው እንዲህ ያለ ነው፤ ከፍተን ስናየው ምንም አልሆነም፣ ሞልቶ ነው። ቴሌግራም ሴቲንግ ውስጥ «ዳታ ኤንድ ስቶሬጅ» የሚል አለ። እዚያ ገብታችሁ የወረዱ ፋይሎች ከሳምንት በኋላ ራሳቸው እንዲጠፉ አድርጉ። የሚጠፉት ከስልካችሁ ላይ ነው፤ ቻቱ ውስጥ ስላሉ ስትፈልጉ እንደገና ታወርዷቸዋላችሁ።

ሚሞሪ ካርድ የራሱ ቦታ አለው። ኢትዮ ቴሌኮምንም ሳፋሪኮምንም አስገብታችሁ ካርዱን ሳታወጡ መጠቀም ትችላላችሁ። ይሄ በጣም ደስ ይለናል። ካርዱ ግን የሚያግዛችሁ ለፎቶና ለቪዲዮ ነው። አፖቹ ዞሮ ዞሮ የስልኩን ሚሞሪ ነው የሚበሉት።

ስለ ራምም፣ ማለትም አፖች ሲሠሩ ለጊዜው ስለሚጠቀሙበት ሚሞሪ፣ ልብ በሉ። ባለ 4 እና ባለ 6 ጊጋ አለ። ባለ 4ቱን «ስምንት ጊጋ ነው» ብሎ የሚሸጥላችሁ ካለ፣ የተጨመረው ከሚሞሪው ላይ የተቀነሰ ነው። እንደ እውነተኛው ራም አይፈጥንም፤ ጠባቡንም ሚሞሪ ይባስ ያጠብባችኋል።

ባትሪው አንጀት ያርሳል። 5000 ሚሊአምፔር ነው። ስክሪኑ 6.7 ኢንች ቢሰፋም ጥራቱ 720 ስለሆነ ቻርጅ ቶሎ አይጨርስም። መብራት ጠፍቶ ቢያድር እንኳ በአያያዝ ከተጠቀማችሁ በማግስቱ አብሯችሁ ይውላል። እስከ 25 ዋት ድረስ ይቀበላል። ካርቶኑ ውስጥ ቻርጀር ላይኖር ስለሚችል፣ ሂሳብ ስትይዙ እሱንም አስቡት። ቤት ባለው በአሮጌው ቻርጀር ከሰካችሁት ይሞላል፣ ግን ያዘግማል።

የሚከፋን ነገር የጣት አሻራ የሌለው መሆኑ ነው። የሚከፈተው ፊታችሁን አይቶ ነው። የደሴን የጠዋት ብርድ ታውቁታላችሁ። ጋቢውን እስከ አፍንጫችሁ ተከናንባችሁ ስልኩን ብታሳዩት አያውቃችሁም። ማታ ጨለማ ውስጥም ያስቸግራል። ከዚህ በላይ የሚያሳስበን ግን ደህንነቱ ነው። የሚሠራው በተራው የፊት ካሜራ ስለሆነ፣ እናንተን የሚመስል ሰው ሊከፍተው እንደሚችል ሳምሰንግ ራሱ ሴቲንጉ ላይ ያስጠነቅቃል። የባንክ አፕና ቴሌብር ያለበትን ስልክ እባካችሁ በፊታችሁ ብቻ አትዝጉት። ጠንካራ ፒን አድርጉለት፤ የቴሌብራችሁን ፒን እዚህ አትድገሙት። የጣት አሻራ የግድ ለሚላችሁ ታናሹ ኤ06 በጎኑ በኩል አለው።

ካሜራው 50 ሜጋፒክስል ይባላል። ቀን ላይ የጦሳን ተራራ ብታነሱበት ያምራል። ማታ በአምፖል ብርሃን ሰርግ ብታነሱ ግን ፊት ይደበዝዛል። ሁለተኛዋ ባለ 2 ሜጋፒክስል ሌንስ ከሰው ጀርባ ያለውን ለማደብዘዝ ነው የገባችው፤ «ሁለት ካሜራ አለው» ተብላችሁ ዋጋ አትጨምሩ።

አንድ ነገር ደግሞ ብዙ ሰው አይነግራችሁም። ሳምሰንግ ለዚህ ስልክ ቃል የገባው 2 የአንድሮይድ ማሻሻያና የ4 ዓመት የደህንነት ማሻሻያ ነው። ቆጠራው የሚጀምረው በፈረንጆቹ 2023 ስልኩ ገበያ ላይ ከዋለበት ጊዜ ነው። ዛሬ አዲሱን ከካርቶን ብታወጡትም ዓመቱ እየሄደ ነው የደረሰባችሁ። ለረጅም ጊዜ ልያዘው የምትሉ ይህንን አስቡበት።

ከእኛም ግዙት ከሌላ ቤት፣ ብር ከመክፈላችሁ በፊት *#06# ነክታችሁ የሚመጣውን የስልኩን መለያ ቁጥር ካርቶኑ ላይ ካለው ጋር አስተያዩት። ያገለገለ ከሆነ ደግሞ እፊታችሁ ሪሴት ይደረግ። ሲነሳ የሌላ ሰው የጎግል አካውንት ከጠየቃችሁ፣ ባለቤቱ መጥቶ እስኪያወጣው ድረስ ገንዘባችሁን አትስጡ።

ሱቃችን ውስጥ የተከፈተ ኤ05 አስቀምጠናል። ሲማችሁን አስገብታችሁ፣ ደውላችሁ፣ ፎቶ አንስታችሁ ሞክሩት። አሮጌውን ስልካችሁን ይዛችሁ ከመጣችሁ ስልክ ቁጥሮቹንና ፎቶዎቹን በነጻ እናሻግርላችኋለን።

ከአክብሮት ጋር
የሱቁ ሠራተኞች፣ ደሴ ፒያሳ