አንድ ሀርሞኒካ፣ አራቱ ቅኝት

ይድረስ ለወንድሜ፤

እንዴት ነህ? ልጆቹስ? እማማስ ጤናቸው እንዴት ነው? ድምፅህን ከሰማሁ ስንት ጊዜዬ! እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። የቀረውን ወሬ ስንገናኝ እናወጋዋለን።

ጅማ እንደምታውቃት ናት። ክረምቱ ገብቷል። ከሰዓት ሲሆን ዝናቡ ይወርዳል፣ አዌቱ ሞልቶ ይጮኻል፣ ሰውም ከቤቱ አይወጣም። እኔም ቁጭ ብዬ ሀርሞኒካ እነፋለሁ። የጻፍኩልህም ለዚሁ ነው። ማሲንቆ የሚይዝ ወዳጅ ከአንተ ሌላ የለኝም፤ ይህን ነገር ለማን ልንገረው?

ያቺን አሥር ቀዳዳ ያላትን፣ በሲ ኖታ የተቃኘችውን ሲ ሀርሞኒካ ታውቃታለህ። ብሉዝ ተጫዋቾች አብዛኛውን ጊዜ በሲ አይጫወቱባትም፤ በጂ ነው። ሁለተኛ ፖዚሽን ይሉታል፤ ፖዚሽን የሚባለው በዚያችው ሀርሞኒካ የትኛውን ኖታ መነሻ እንዳደረግህ ነው። ምክንያት አለው። በእያንዳንዱ ቀዳዳ ሁለት የናስ ምላስ አለ፤ አንዱ ስትነፋ፣ ሌላው ስትስብ ይርገበገባል። ከሁለቱ ወደ ታች የሚጎተተው ቀጭን ድምፅ ያለው ነው። ከአንደኛው እስከ ስድስተኛው ቀዳዳ ደግሞ ቀጭኑ የሚሳበው ነው። ስለዚህ ብሉዝ ማልቀስ ሲያምረው ትንፋሹን ይስባል። የጂ ዋና ድምፆች እዚያው ታች፣ ስትስብ ነው የሚገኙት።

ብዙ ሰው ከዚህ አያልፍም። የብሉዝ ሀርሞኒካ ተጫዋቹ ሊትል ዎልተር ግን ሦስተኛውንም ፖዚሽን ይወድ ነበር። በዚያችው ሲ ሀርሞኒካ መነሻና ማረፊያህን ዲ ታደርጋለህ። አራተኛ፣ አምስተኛና ስድስተኛ ቀዳዳን አንድ ላይ ስትስብ ዲ ማይነር ይወጣል፤ ጠቆር ያለ ድምፅ ነው። እሱን ስለማመድ ነው ነገሩ የመጣው። እስቲ ተከተለኝ፤ አራትን ስብ፣ አምስትን ስብ፣ ስድስትን ንፋ፣ ስድስትን ስብ፣ ሰባትን ንፋ፣ ስምንትን ስብ። ባቲ ማይነር ናት እኮ! አንድም ኖታ አልጎደለ፣ አንድም አልተጣመመ።

ከዚያ በኋላ ማን ይተኛል? ሌሎቹን ቅኝቶች ፍለጋ ገባሁ። ትዝታ ሜጀርማ በሲ፣ ከአራት እስከ ሰባት፣ ልጅም ያገኛታል። ትዝታ ማይነር ኤ ላይ ናት፤ አራተኛ ፖዚሽን። ያስደነገጠችኝ አምባሰል ናት። ኢ ላይ ነው የምትነሳው፤ አምስተኛ ፖዚሽን ይባላል፣ ብሉዝ ተጫዋች እምብዛም አይደርስበትም። አምስትን ንፋ፣ አምስትን ስብ፣ ስድስትን ስብ፣ ሰባትን ስብ፣ ሰባትን ንፋ፣ ስምንትን ንፋ። አምስተኛው ቀዳዳ ሲነፋ ኢ ነው፣ ሲሳብ ኤፍ። በመካከላቸው ግማሽ ድምፅ ብቻ። ያቺ የአምባሰል ጠባብ እርምጃ አንድ ቀዳዳ ውስጥ ነው ያለችው። ከንፈርህ ከቦታው አይነቃነቅም፤ ትንፋሽህ ብቻ ይገለበጣል። አምስቱም ኖታ ከትዝታ ማይነሯ ጋር አንድ ናቸው፤ ማረፊያው ተለወጠና ሌላ ቅኝት ሆነ። አንተ ይህን በማሲንቆ ድሮ ታውቀዋለህ። ለእኔ ግን ቀዳዳ በቀዳዳ ማየቱ ትልቅ ነገር ነው።

አንቺ ሆዬ ታስለፋለች። ቢ ላይ ትነሳለች፤ ሦስትን ስብ፣ አራትን ንፋ፣ አምስትን ንፋ፣ አምስትን ስብ። ቀጥሎ የምትፈልገው ድምፅ ሀርሞኒካዋ ላይ የለም። ስድስትን ስበህ በግማሽ ድምፅ ማውረድ አለብህ። ምላስህን ወደ ኋላ ሰብሰብ ታደርግና ከ«ኢ» ወደ «ኡ» እንደማለት ነው። ድምፁ መጀመሪያ ይንገራገራል፣ ከዚያ ቁልቁል ይንሸራተትና ይረጋል። እሱን ይዘህ ሰባትን ስትስብ ቅኝቷ ሙሉ ሆነች። ካላወረድከው አንቺ ሆዬ የለችም። የአሜሪካ ጥቁሮች ለብሉዛቸው ያበጁት ዘዴ ለእሷ በልኳ መሆኑ እስካሁን ይገርመኛል።

ለየቅኝቱ ለየብቻ የተቃኘ ሀርሞኒካ ይገዛ የሚሉ አሉ። አልስማማም። ሃዋርድ ሌቪ የሚባለው ሰው እኮ ኦቨርብሎው በሚሉት፣ የጎደሉትን ኖታዎች በመንፋት በሚያወጣ ዘዴ አሥራ ሁለቱንም ኪይ (መነሻ ድምፅ) በአንዷ ይጫወታል። እኔ እዚያ ድረስ አልመኝም፤ አራቱ ቅኝት ይበቃኛል።

አሁን ወደ ልመናዬ ልምጣ። ማሲንቆህን ኢ ላይ ቃኝልኝ። ሀርሞኒካ እንደ ክር አይጠብቅም፣ አይላላም፤ መጠጋት ያለበት የአንተ ጭራ ነው። አምባሰልን ቀስ ብለህ ተጫወትና ቀድተህ በቴሌግራም ላክልኝ። ብዙ አታስጊጠው፤ ክፍተት ተውልኝ። እኔ በዚያ ክፍተት እገባለሁ። ባቲን ስንጀምር ወደ ዲ ታወርደዋለህ። ብትመጣማ የበለጠ ነው፤ ከአዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ እኮ ነው። አልጋም ቡናም አለ። መቼ እንደሚመችህ ጻፍልኝ፣ እማማን ሳምልኝ።

ወንድምህ፣ ከጅማ