«ሃይማኖቴን አጣሁ» የሚለው ትርጉም ይታረም

ይድረስ ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ

ባለፈው እትማችሁ የሙዚቃ ዓምድ ላይ የአሜሪካው ባንድ አር ኢ ኤም «ሉዚንግ ማይ ሪሊጅን» የተሰኘው ዘፈን ርእስ «ሃይማኖቴን አጣሁ» ተብሎ ተተርጉሞ፣ ዘፈኑም እምነቱን የተወ ሰው ኑዛዜ እንደሆነ ተጽፎ አንብቤአለሁ። ዘፈኑን ለብዙ ዓመታት በፍቅር ያዳመጥሁ ሰው በመሆኔ፣ ይህ አተረጓጎም ሳይታረም ቢያልፍ ቅር ይለኛል።

ባንዱ እ.ኤ.አ. በ1980 የተመሠረተው በጆርጂያ ግዛት፣ በአቴንስ ከተማ ነው። በዚያ በደቡባዊው የአሜሪካ ክፍል አነጋገር አንድ ሰው «ሃይማኖቱን አጣ» ከተባለ ትዕግሥቱ ተሟጠጠ፣ ጨዋነቱን እስኪረሳ ድረስ ቀልቡን ሳተ ማለት ነው። ግጥሙን የጻፈው ድምፃዊው ማይክል ስታይፕም ዘፈኑ ምላሽ ስላላገኘ ፍቅር እንደሆነ ተናግሯል። ስንኞቹ ራሳቸው ይህንኑ ይመሰክራሉ፤ ተናጋሪው የሚያፈቅረውን ሰው በዐይኑ ይከተላል፣ የሰማ የመሰለውን ሳቅ እንደ ተስፋ ይይዛል፣ አብዝቼ ተናገርሁ ብሎ በተጸጸተበት ቅጽበት ደግሞ ገና የሚገባኝን ያህል አልተናገርሁም ብሎ ይጨነቃል። በልቡ የያዘውን ፍቅር ለመግለጽ ፈርቶ የሚያውቅ ሁሉ ይህን መዋለል ሳይነገረው ይረዳዋል።

ለስሕተቱ ምክንያት የሆነው፣ እንደሚመስለኝ፣ ታርሴም ሲንግ ያዘጋጀው የቪዲዮ ክሊፕ ነው። ክንፍ ያለው ሽማግሌና ከጣሊያናዊው ሠዓሊ ከካራቫጆ ሃይማኖታዊ ሥዕሎች መንፈስ የተቀዱት ምስሎች እጅግ ውብ ቢሆኑም፣ ርእሱን በቁሙ የወሰደ ተመልካች በእነርሱ ግምቱን ማጽናቱ አያስገርምም።

ስለ ዜማውም ጥቂት ልበል። ጊታር ተጫዋቹ ፒተር በክ ዘፈኑን የጀመረበትን ዜማ ያገኘው ገና ማንዶሊን የተባለውን ባለ ክር የሙዚቃ መሣሪያ መጫወት እየተለማመደ ሳለ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1991 የወጣው ይህ ዘፈን በተለመደው መልኩ የሚመላለስ አዝማች የለውም፤ ይህም ሆኖ በአሜሪካ የነጠላ ዜማዎች ሰንጠረዥ እስከ 4ኛ ደረጃ ደርሷል። የአዝማቹ አለመኖር ለእኔ ጉድለት አይደለም፤ ሐሳቡን ከአንድ ቦታ ማሳረፍ ያቃተው ሰው የሚናገርበት ዘፈን እፎይ የሚያሰኝ አዝማች ቢኖረው ኖሮ ጭንቀቱ ይህን ያህል አይሰማንም ነበር።

ስለዚህ በሚቀጥለው እትማችሁ ርእሱ «ትዕግሥቴ ተሟጠጠ» በሚል፣ ወይም ለዚህ በሚቀርብ አነጋገር እንዲስተካከል በአክብሮት እጠይቃለሁ።

የዘወትር አንባቢያችሁ