ፎቶውን ያነሳች ሴት አለች

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ባለፈው ሳምንት ስለ ማኅበራዊ ሚዲያ አክቲቪዝም ያወጣችሁትን ዘገባ አንብቤ በጣም ተናድጃለሁ። «ላይክና ሼር እንጀራ አይሆንም» ብላችሁ ደመደማችሁ። አስተያየት የሰጧችሁ ሁሉ እዚሁ አዲስ አበባ ቢሮ ያላቸው ሰዎች ናቸው። ከሁሉም ያንገበገበኝ ግን ከፎቶው ሥር ያለው ጽሑፍ ነው፦ «ከማኅበራዊ ሚዲያ የተገኘ»።

ፎቶ ከሰማይ አይወርድም፤ ሰው ያነሳዋል። ያ ፎቶ የተነሳው በግንቦት 2012 መጨረሻ፣ ቤይሩት፣ ሃዝሚዬ ባለው የኢትዮጵያ ቆንስላ ደጃፍ ነው። የሊባኖስ ገንዘብ ወድቆ ደሞዝ መክፈል ሲያቅታቸው፣ ማዳሞቹ፣ ማለትም አሠሪዎቹ፣ ቤታቸው ተቀጥረው ይሠሩ የነበሩ ኢትዮጵያውያን ሴቶችን በመኪና እያመጡ ከነሻንጣቸው አስፋልት ዳር ጣሏቸው። ፓስፖርታቸውን ያልተቀበሉ ነበሩ። በኮሮና ምክንያት አየር ማረፊያው ዝግ ነበር። ፎቶውን ያነሳችውን ልጅ አውቃታለሁ። ከማዳም ቤት የወጣች፣ የመኖሪያ ፈቃድ የሌላት ናት። ፖሊስ ካያት እስር ቤት ነው። ይህን እያወቀች ነው ስልኳን ያወጣችው። እናንተ ቢያንስ «ያነሳችው አንዲት ሠራተኛ ናት» ብትሉ ምን ይጎድልባችሁ ነበር?

እዚያ አገር ስልክ ምን ማለት እንደሆነ ልንገራችሁ። እኔ ተቀጥሬ የነበርኩበት ቤት ስልክ ክልክል ነበር። ማታ ሰው ሁሉ ሲተኛ ሻወር ቤት ገብቼ፣ ከልብስ ማጠቢያ ማሽኑ ጀርባ ባለው ሶኬት ቻርጅ አደርግ ነበር። ቮይስ ስቀዳ ድምፄ እንዳይሰማ ቧንቧ እከፍታለሁ። ማዳም የደረሰችብኝ ቀን ስልኬም ቀረ፣ የወራት ደሞዜም ቀረ። የላከኝ ኤጀንሲ «ታገሺ» አለኝ። የሰሙኝ የሀበሻ ሴቶች ግሩፕ ውስጥ ያሉ፣ ፊታቸውን አይቼ የማላውቃቸው ልጆች ናቸው።

እንጀራ አይሆንም ላላችሁት፣ ሆኗል። የቆንስላው በር ፎቶና ቪዲዮ ከተሰራጨ በኋላ ጋዜጠኞች መጡ። በቀናት ውስጥ የሊባኖስ ሠራተኛ ሚኒስቴር ከሠላሳ በላይ ሴቶችን ከመንገድ አንስቶ ሆቴል አስገባ። «እኛ ለእኛ» የሚባለው፣ እዚያው ያሉ ኢትዮጵያውያን ሠራተኞች የመሠረቱት ማኅበር፣ ኦንላይን በተሰበሰበ ገንዘብ ጭምር ምግብና የቤት ኪራይ አዳርሷል። ያን ሩዝና ዘይት የበላ ሰው አንድም አላናገራችሁም።

ሁሉን ነገር ይፈታል አላልኩም። በ2004ም ቤይሩት ባለው የኢትዮጵያ ቆንስላ በር ላይ አንዲት እህታችን እየተጎተተች መኪና ውስጥ ስትከተት የሚያሳየው ቪዲዮ ዓለምን አዳርሷል። እሷ ግን ቪዲዮው በቴሌቪዥን በታየ በቀናት ውስጥ ሆስፒታል ውስጥ ሕይወቷ አለፈ። በ2012 መጨረሻ ደግሞ ሊባኖስ ውስጥ የቤት ሠራተኛዋ ፓስፖርቷን ራሷ እንድትይዝና ሥራ እንድትለቅ የሚፈቅድ አዲስ የሥራ ውል ወጥቶ ነበር። ሠራተኛ የሚያስመጡት የሊባኖስ ኤጀንሲዎች ባለቤቶች አቤት አሉ፤ በጥቅምት 2013 የሊባኖስ ሹራ ምክር ቤት፣ ማለትም የመንግሥት ውሳኔዎችን የሚዳኘው ከፍተኛ ፍርድ ቤት፣ አገደው። እኛ ሼር ስናደርግ እነሱ ጠበቃ ይዘው ሄዱ። የሚጻፈው ይሄ ነበር። ሼር የሚያደርገው ሕዝብ ጠበቃ እንዲያቆም ማን ያስተባብረው? እናንተ ግን ነገሩን ሁሉ «የሥራ ፈት ጫጫታ» አላችሁት።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። ፎቶውን ስታትሙ የሴቶቹን ፊት አልሸፈናችሁም። አብራኝ የነበረች የደሴ ልጅ ችግሯን ከእናቷ ደብቃ ነበር። እናቷ ልጃቸውን አስፋልት ላይ ተቀምጣ ያዩዋት የጎረቤት ልጅ ባሳያቸው ፌስቡክ ነው። እናትየዋ ታመው አልጋ ያዙ። ያን ጊዜ ያሰራጩት ሰዎች ተጣድፈው ነው እንበል። እናንተ ዛሬ ምን አጣደፋችሁ?

ፎቶው እስካሁን ድረ ገጻችሁ ላይ አለ። ፊታቸውን ሸፍኑት። ያነሳችውን ልጅ ማናገር ከፈለጋችሁ ጠይቄያት ፈቃደኛ ከሆነች አገናኛችኋለሁ። ስልኬ ከደብዳቤው ጋር አለ።

ከቤይሩት ተመላሽ፣ ኮምቦልቻ