ዋንጫ በልቶ በር ላይ መቅረት

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

የውጭ ባለሀብት ለአየርላንድ እግር ኳስ ክለቦች ሲሳይ ነው ብላችሁ ጽፋችኋል። ሲሳይስ ይሁን፣ ግን ድሮሄዳ ዩናይትድ የደረሰበትን ለምን ዘለላችሁት?

ክለቡ በ2024 (እ.ኤ.አ.) ደሪ ሲቲን 2 ለ 0 ረቶ የአየርላንድ እግር ኳስ ፌዴሬሽንን ዋንጫ (ኤፍኤአይ ካፕን) በላ። የአውሮፓ ኮንፈረንስ ሊግ ትኬትም ቆረጠ። ባለቤቱ የአሜሪካው ትሪቬላ ግሩፕ ግን የዴንማርኩን ክለብ ሲልከቦርግንም ይዟል። እሱም ለዚያው ውድድር አለፈ። የአውሮፓን እግር ኳስ የሚመራው የዩኤፋ ሕግ ደግሞ ባለቤታቸው አንድ የሆኑ ሁለት ክለቦችን አብሮ አያስገባም። ከውድድሩ ውጭ የሆነው ድሮሄዳ ነው። ይግባኝ ቢልም አልሆነለትም። ተጫዋቾቹ ምን አጠፉ?

እኔ ዳብሊን ነው የምኖረው። አርብ ማታ የቦሄሚያንስ ክለብ ሜዳ ወደሆነው ዴይሊማውንት ፓርክ እሄዳለሁ። በዝናብ፣ ኮምጣጤ የጠጣ ቺፕሴን ይዤ። አጠገቤ የሚቆሙት ሽማግሌ የክለቡ አባል ናቸው። ክለቡ የአባላቱ ስለሆነ ጉባኤ ላይ እጃቸውን አውጥተው ይወስናሉ። ገንዘብ ሞልቷል እያልኩ አይደለም። ሜዳውን እንኳ ለከተማው ምክር ቤት ሸጠዋል። ግን ዴንማርክ ያለ ክለብ ወንበራቸውን አይነጥቃቸውም።

ፌዴሬሽኑ ገዢ ሲመጣ ከገንዘቡ በፊት «ሌላ የያዝከው ክለብ አለ?» ብሎ ይጠይቅልን።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ አንባቢ፣ ዳብሊን