ኮምቦልቻ ስታድግ ቦርከና አይረሳ

ለአዘጋጁ፦

ስለ ኮምቦልቻ ዕድገት ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩ። የኢንዱስትሪ ፓርኩ በሐምሌ 2009 ዓ.ም. ተመርቋል፤ ደረቅ ወደቡም ኤርፖርቱም አለን። ስለ ቦርከና ወንዝ ግን አንድ መስመር እንኳ አላየሁም።

ቦርከና ከደሴ ወርዶ፣ ኮምቦልቻን አቋርጦ ወደ ከሚሴና ጨፋ ይሄዳል። እዚያ ከብት ይጠጣዋል፤ ገበሬ በመስኖ አትክልት ያለማበታል። ያ አትክልት ዞሮ የኛው ገበያ ላይ ይቀርባል። እዚህ ከፋብሪካ ወደ ወንዙ የለቀቅነውን ፍሳሽ በሰላጣ መልክ መልሰን እንገዛዋለን ማለት ነው። ፋብሪካ ይቅር አላልኩም፤ ልጆቻችን የሚሠሩት እዚያው ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ ቤት ነው። ለፋብሪካ መሬት ሲዘጋጅ የሠራተኛው መኖሪያ አብሮ ካልታቀደ ደመወዙን ኪራይ ይበላዋል። ሠራተኛውም ብዙ ሳይቆይ ጥሎ ይሄዳል።

ስለዚህ ከተማ አስተዳደሩ የቦርከናን ውሃ ከከተማው በላይና በታች በየወሩ ያስመርምር። ውጤቱንም በየቀበሌው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ በአማርኛ ይለጥፍልን። አዲስ የፋብሪካ ቦታ ሲሰጥም ለሠራተኞች ቤት ማኅበራት የሚሆን መሬት በዚያው ውሳኔ ይካለል።

አንባቢ፣ ከኮምቦልቻ